ዓይኗ የቀላው ዝንብ

ከኮምቦልቻ በወጣሁበት ዋዜማ ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ዱዓ አደረገልኝ። አባቴ ከፋብሪካ እንደመጣ የስራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መሀላቸው ተቀመጠ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሼህ ሰይድ ወደኔ ዞሩና፣ "ለመሆኑ ጀርመን ድረስ ምን ልትማሪ ነው?" አሉኝ።

"ስለ ዝንብ ነው፣ ሼሁ።"

"ያ አላህ! ዝንብ እዚህ ምን አነሰና!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ።

አሁን ያለሁበት የጀርመን ጉም የደሴን ያስታውሰኛል፤ በደሴ ጉም ውስጥ ግን ሰላም የሚል ሰው አይጠፋም። ላቦራቶሪ ውስጥ የዝንቦቹ ምግብ፣ የበቆሎ ዱቄትና እርሾ፣ ሲበስል ሽታው የቤታችን ገንፎ ይሆንብኛል፤ ብታምኑም ባታምኑም አገሬ የምገባው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን አሮጊቷ አከራዬ ማድቤታቸው ውስጥ ትንንሽ ዝንቦች አይተው፣ "ከስራሽ አምጥተሽብኝ ነው?" አሉኝ። "የኔዎቹ ዓይናቸው ነጭ ነው፤ እነዚህ የእርስዎ ሙዝ ያመጣቸው ናቸው" ብላቸው ጭራሽ ተኮሳተሩ።

ስራዬ ይህ ነው። ፕላስሚድ የምንላት ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ አለች። እሷ ውስጥ የወባ ትንኝ ሰውን የምታሸትበትን ዘረመል አረንጓዴ ከሚያበራ መለያ ጋር አገናኝቼ፣ በቀጭን መርፌ ወደ ዝንብ እንቁላል አስገባለሁ። ፕላስሚዷ ዓይን የሚያቀላ ዘረመልም ስለያዘች፣ ከተሳካ ከዚያ እንቁላል ያደገው ዝንብ ዓይናቸው የቀላ ልጆች ይወልዳል። ለወራት አንድም አልተወለደም። ካልተሳካ ውሌ አይታደስም፣ መኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያበቃል፤ ባዶ እጄን ወደ አባቴ ቤት መመለስ ነው።

አንድ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳይ የአንዷ ዓይን ቀልቷል። አለቀስኩ። ግን ለማንም አልተናገርኩም። እኛ ዘንድ እርጉዝ ሴት ሆዷ ሳይገፋ አታወራም፤ ቡዳው አለ፣ ምቀኛው አለ። እኔም ዘሯ እስኪበዛ ሸሸግኋት። ማሻአላህ የምልላት እንኳ እኔው ብቻዬን ነበርኩ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ምን ያውቃሉ፤ ጠርተውኝ፣ "አዝናለሁ፣ ስራውን ልንዘጋው ነው" አሉኝ። ሮጬ ጠርሙሱን አመጣሁ። ዓይናቸው የቀላ ልጆቿ ውስጡ ይርመሰመሳሉ።

"መቼ አገኘሻት?"

"ቆይቷል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኛ አገር ሳይጠና አይወራም።"

"እኛ አገር ደግሞ ያላወራ ከስራ ይወጣል" አሉና ሳቁ። ውሌም ለሁለት ዓመት ተራዘመ። ዝንቦቹን በየጊዜው ወደ አዲስ ጠርሙስ የሚያዛውር ሌላ ሰው ስለሌለ ግን ዘንድሮ ዕረፍት አይኖረኝም።

ቤት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ፣ "አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ! አብሽሪ፣ ስራ ይቀድማል" አለኝና ለእናቴ መለሰላት። መስመሩ አልተዘጋም ነበር።

"ለዒድም አትመጣም ማለት ነው?" ሲላት ሰማሁት።

እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ "አለሽ?" አለችኝ። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ፣ ኮምቦልቻ ዘንቧል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።