የኤዶ ሃዎ ነጭ ጨርቅ

ልጅ ሆኜ አይቼ የማልጠግበው ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። ጅግጅጋ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ከእኛ በር ፊት ለፊት ያለው የኤዶ ሃዎ ቤት ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ዘመዳችን ባትሆንም የግቢው ልጆች ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ከሱቅ የተረፈውን ቁራጭ እየገጣጠመች አራቱንም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መጋረጃ አልብሳዋለች፤ መስኮት ያለውንም የሌለውንም። እናቴ አንድ ቀን፣ «ሃዎ፣ እዚህ ጋ እኮ መስኮት የለም። ምኑን ነው የጋረድሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ኤዶ ሃዎ በዚያች አጭር አማርኛዋ፣ «መስኮት ኋላ ይመጣል። መጋረጃ ይቅደም» አለቻት። እናቴ ይህን እያስታወሰች ብቻዋን ስትስቅ ሰነበተች።

የእኛ ቤት የዳንቴል ቤት ነበር። ሬዲዮኑ፣ ጠረጴዛው፣ የውሃ ጆጉ ሳይቀር ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ልጅ ደግሞ ምኑንም መንካት አይችልም። ኤዶ ሃዎ ጋ ግን የተነካውም ያረጀውም ሥራ አያጣም። የደበዘዘ መጋረጃ የትራስ ልብስ ይሆናል፤ የሳሳ የሽቲ ቀሚስ ደግሞ መጋረጃ። ከቤት ስትወጣ መስታወት አታይም፤ ግድግዳዋን ነው የምታየው። የደረበችው ሻሽ ከመጋረጃው ጋር ከተጣላባት ከሁለቱ አንዱን ሳትቀይር አትሄድም። ሄል የበዛበት ሻይ ቀድታልኝ፣ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ በሚሸተው ፍራሽ ላይ ታስቀምጠኝና ሁለት ቁራጭ እያነሳች፣ «ይሄና ይሄ ይስማማሉ?» ትለኛለች። አይስማሙም ካልኩ ትመልሳቸዋለች። በሕይወቴ ሐሳቤን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሷ ነበረች። ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ ቢጫ ቀሚስም ሰፍታልኛለች፤ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ስምንት ዓመቴ ላይ ከደገሀቡር ታሞ ተመለሰና በሳምንቱ ሞተ። ጅግጅጋ ከገባን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። እናቴ መጋረጃውን አወረደች፤ ዳንቴሉን ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ከተተች። ከዚያ ግቢው መሐል በርሜል ጥዳ ጥቁር ቀለም አፈላችና ልብሶቿን ነከረች፤ በመጨረሻ ቢጫ ቀሚሴን ጨመረችው። ወጥቶ ሲሰጣ ጠርዙ የት ጋ እንደነበር እንኳ አይለይም ነበር። ለቅሶ የመጡት ሴቶች፣ «አልቅሺ የኔ እናት፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። እንባ የለኝም። የማደንዘዣ መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆኜ ነበር፤ ቢነኩኝ አውቃለሁ፣ ግን አያመኝም። ማውራትም ከበደኝ። ሰው ሲጠይቀኝ በአንገቴ እመልሳለሁ፣ ያም ሲበዛብኝ ዝም እላለሁ።

ኤዶ ሃዎ አንድም ቀን አልቀረችም፤ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ይዛ እየመጣች እናቴ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ለቀስተኛው ሲሳሳ በሯ ላይ ጠርታኝ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አስታቀፈችኝ። ስስ፣ ለስላሳ፣ የሚያበራ ነጭ ነው። «ለእናትሽ ስጪ» አለችኝ። «እኛ ጋ ባል የሞተባት ሴት ነጭ ነው የምትለብስ፤ አራት ወር ከአስር ቀን። ለሐዘኗ ነው በያት። የኔ አማርኛ አያደርስም፣ አንቺ ንገሪልኝ።»

ወስጄ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ዘርግታ አየችው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ኤዶ ሃዎ ናት።»

«ምን ብላ?»

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። አልረሳሁትም፤ ማውጣት ብቻ ነው ያቃተኝ። እናቴ ትንሽ ጠበቀችኝና፣ «አፈሩ ሳይደርቅ ልዳር ነው?» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። ጨርቁን ሳጥኑ ሥር ወርውራ በራችንን ዘጋችው። እኔንም ዳግመኛ እዚያ ቤት እንዳልረግጥ ከለከለችኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ሁለት በሮች ፊት ለፊት ተፋጠው ኖሩ። ኤዶ ሃዎ ጠዋት ጠዋት፣ «ነበድ ነው አልማዝ? ሰላም ነው?» ትላለች፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ባልዲዋን ታነሳለች። ቆይቶ ሰላምታውም ቀረ። አንድ ቀን ውሃ ስቀዳ ኤዶ ሃዎ አጠገቤ መጥታ፣ «ያልኩሽን ነግረሻታል?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ፊቷ ተለወጠ፤ ወደ ቤቷ ገባች። እናቴ ስድብ መስሏት ተቀይማለች፣ ኤዶ ሃዎ ደግሞ ሐዘኗን የተካፈለቻት ጓደኛዋ የናቀቻት መስሏታል። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እያወቅኩ እበላለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እተኛለሁ። ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ያ ነው፤ ያኔ ምንም አልተሰማኝም።

ከዚያ ብዙውን ጊዜ በንግድ መንገድ ላይ የሚከርመው የኤዶ ሃዎ ባል ሞተ። ቢኳረፉም ለቅሶ አይቀርምና እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች እጄን ይዛ ገባች። በር ላይ ጫማ ተከምሯል። መጋረጃዎቹ አንዳቸውም አልወረዱም፤ ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ አበባማውም እንዳሉ ናቸው። መሐላቸው ኤዶ ሃዎ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ ቆማ ቀረች። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ለምንድን ነው ነጭ የለበሰችው?» አለችኝ።

«ለሐዘን ነው» አልኩ። «ያኔ ለአንቺ የሰጠችውም ለሐዘን ነበር። ንገሪያት ብላኝ ነበር።»

እናቴ አልቆጣችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ለቃ ወጣች፤ ሴቶቹ ተቀይማ የሄደች መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ስትመለስ ነጩን ጨርቅ ጥቁር ቀሚሷ ላይ ደርባዋለች፤ ስምንት ወር ታጥፎ የኖረበት መስመር ጨርቁ ላይ ይታያል። ኤዶ ሃዎ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «አልነገረችኝም ሃዎ። ልጄ አልነገረችኝም» አለች። ኤዶ ሃዎ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ሰደደችና ከእናቴ ትከሻ ላይ ጨርቁን ወደ ሌላው ጎን መልሳ አስተካከለችላት። «በዚህ በኩል ነው» አለች። ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ቆሜ አያቸው ነበር። ነጩ ጥቁሩ ላይ ያምራል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

አራት ወር ከአስር ቀኗን ስትጨርስ ወንድሟ መጥቶ ወደ ጉናጋዶ ወሰዳት፤ ዳግመኛ አላየናትም። በሰላም አብረው ሊኖሩ ይችሉ ከነበረው የመጨረሻ አንድ ዓመት ውስጥ ስምንቱን ወር የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ።

ጅግጅጋ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ እኔም በኤዶ ሃዎ ሙያ እንጀራ እበላለሁ። መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ሳሎን አሰናዳለሁ፣ ለሠርግና ለዒድ ልብስ አስማማለሁ። ያኔ ሰው ከቤቱ ቁራጭ ተነስቶ ቤቱን ያሳምር ነበር፤ ዛሬ ስልኩን አውጥቶ የማያውቀውን ሰው ሳሎን ያሳየኝና ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ ይለኛል። ግራጫ መጋረጃ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ጂብሰም ጣሪያ። አደርግላቸዋለሁ፤ ያምራልም። ግን አንድ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ቁጭ አደርጋቸውና እያንዳንዱ ቀለም በእነሱ ዘንድ ለደስታ ይሁን ለሐዘን እጠይቃለሁ። የሚስቁብኝ አሉ፤ ሟርተኛ ናት ብላ ሥራውን የከለከለችኝም አለች። የሚመልሱልኝን ደግሞ ደብተሬን አውጥቼ፣ አንድም ቃል ሳልተው፣ እንዳሉት አድርጌ እጽፋለሁ።