በደረቁ የዋጥኩት ዱቄት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ሚዛን ተፈሪ ነው። ዛሬም በር ከውጭ ሲቆለፍ ከሰማሁ ሮጬ አስከፍታለሁ።

ቴፒ ቡና ለቃሚ ነበርኩ። ሆዴን ሲያመኝ ከርሞ ለራጅ ወደ አማን ሐኪም ቤት ተላክሁና ሚዛን አክስቴ ቤት አረፍኩ። ከራጁ በፊት ቤት ሆኜ የምወስደው አንጀት የሚያጥብ ዱቄት ተሰጠኝ። ሰጪው «በውሃ በጥብጠሽ» ሳይለኝ አልቀረም፤ እኔ የያዝኩት ግን «እህል እንዳትቀምሺ!» ያለውን ነው።

ከቁርባን በፊት ውሃም እንደማይቀመስ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ጾም ከሆነ ጾም ነው አልኩና ዱቄቱን በደረቁ አፌ ውስጥ ገለበጥኩት። ጎበዝ መሆኔ ነው!

ምላሴ ላይ ፈላ። ከዚያ ጉሮሮዬን እንደ ፍም ያዘው። ውሃ ብጎነጭ በአፍንጫዬ ተመለሰ። ትንፋሼ ሲር ሲር ይል ጀመር።

አክስቴ የቀበሌ ስብሰባ ሄዳለች። «አብዮት ጠባቂዎች ካገኙሽ ታምሜያለሁ ብትዪም ጎትተው ያወጡሻል፤ ቤቱ ተዘግቶ ካዩ ያልፋሉ» ብላ በሩን በጓጉንቸር ቆልፋብኛለች። ለእኔ አስባ ነው። መስኮቱ ደግሞ ጭንቅላቴን እንኳ አያስወጣም።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ከሩቅ የስብሰባው ድምፅ ማጉያ ብቻ ይለፈልፋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማ መሀል ታንቄ ልሞት ነው! ዘነዘና አንስቼ የቆርቆሮውን በር መደብደብ ጀመርኩ።

የሰማኝ ከስብሰባ የቀሩትን እየዞረ የሚለቅም አብዮት ጠባቂ ነው።

«ማነህ? ለምን ስብሰባ አልወጣህም?»

በምን አፌ ልመልስ? ደበደብኩ።

«ትቀልድብኛለህ!» አለና ጓጉንቸሩን በጠመንጃው ሰደፍ ገነጠለው።

እግሩ ስር ወደቅሁ። ያበጠ ከንፈሬን ሲያይ ቁጣው ጠፋ። «ውይ እህቴ! ምን ቀመስሽ?» የዱቄቱን ወረቀት አሳየሁት። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና አዝሎኝ ወደ አማን ሮጠ።

የሐኪም ቤቱ ዘበኛ በር ላይ አስቆመው።

«ምንህ ናት?»

«እህቴ።»

«ስሟስ?»

ዞር ብሎ አየኝ። ልነግረው አልቻልኩም።

«እህቴ ናት አልኩህ፤ ክፈት!»

ዘበኛው ከፈተ፣ ሐኪሞቹም አተረፉኝ፤ ድምፄ ግን ከዚያ ወዲህ ጎርናና ሆኖ ቀረ። መናገር ስችል እሱ ሄዷል። አብዮት ጠባቂ ስንቱን እንዳስለቀሰ አውቃለሁ፤ እኔም ስሸሻቸው ነው የኖርኩት። ያን ሰው ግን፣ ስሙን ሳላውቅ፣ ወንድሜ ነው የምለው።