ልጄን እህቴ ያደረገ ወረቀት

የዚያን ቀን የልደት ወረቀት በሚሰጥበት ቢሮ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ለምስክርነት የመጡ ሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ መዝጋቢው። ከአምስታችን ልጄን ያማጥኳት እኔ ነኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህ ከቁም ነገር ስላልተቆጠረ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ልጄ በሃያ ዓመቷ ወደ ውጭ ሄደች። እዚያው አግብታ የባሏን አገር ዜግነት ወሰደች፤ የኢትዮጵያው በዚያው ቀረ። አምና ሞተች። ባሏ ቀድሟት ሞቶ ስለነበር ሴት ልጇ ብቻዋን ቀረች። የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ መጥታ መኖር ትፈልጋለች፤ ቪዛሽ አለቀ ተብላ እንዳትባረር ዜግነት ያስፈልጋታል። ለዚህም እናቷ በፊት ኢትዮጵያዊት እንደነበረች ማስረዳት አለባት። የሚጠየቀውን በስልክ ነገረችኝ፤ እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ ደብተር ላይ ጻፍኩት። የእናቷ የድሮ ፓስፖርት፣ ዜግነት የለወጠችበት ወረቀትና የራሷ የልደት ወረቀት እሷው ጋ አሉ። የቀረው የእናቷ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። እሱ የሚገኘው ሰቆጣ ነው።

መዝጋቢው ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙ ጥርት ብሎ የተተኮሰ ወጣት ነው። ጉዳያችንን ሰምቶ፣ የልጅ ልጄ የላከችልኝን የእናቷን ፓስፖርት ቅጂ አየና ሳቀ።

«ሰው ሁሉ ለመውጣት ይሞታል፣ እሷ ልትገባ?»

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው የገባቸው አይመስለኝም፤ ቢሮ ገብተው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከሳቀ እነሱም ይስቃሉ።

ከዚያ ስሙን አነበበ። ልጄ ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈችው በወለዳት ሰው ስም ሳይሆን በአባቴ ስም ነው። በእኛ ቤት ልማድ የመጀመሪያ ልጅ ጡት ስትተው ለአያቶቿ ትሰጣለች። ልጄም ጋዝጊብላ ወረዳ አባቴ ቤት አደገች፤ ትምህርት ቤት ያስገባትም እሱ ነው። የማን ልጅ ናት ሲሉት የኔ አለ። በእኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይደለም። ስሙ ከትምህርት ቤት ወደ መታወቂያ፣ ከመታወቂያ ወደ ፓስፖርት ሄደ። በወረቀቱ መሠረት ልጄ እህቴ ናት።

መዝጋቢው ወዲያው መላ መጣለት፤ እንዲህ ዓይነት ሰው መላ አያጣም።

«እማማ፣ ቀላል ነው። እህቴ ናት ብለው ይፈርሙ። ምስክሮቹም እንደዚያው ይበሉ። ዛሬውኑ ማኅተም ይመታበታል።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ልጄ ክርስትና የተነሳች ዕለት ጠላችንን ጠጥቶ ደጃችን ላይ ተኝቶ ያደረ ነው። አሁን ያቺን ልጅ የአባቴ ልጅ ናት ብሎ ለመማል ጣቱን ቀለም ውስጥ ሊነክር ተነሳ። ወንድሜ መዝጋቢው እንዳይሰማው በኻምጣንኛ፣ ወረቀት ምን ይጎዳሻል፣ እናትነትሽን ማን ይወስድብሻል፣ ፈርመሽ እንሂድ አለኝ። እሱ ዕድሜውን ሁሉ ሳያነብ ሲፈርም የኖረ ሰው ነው።

እኔ ግን መዝጋቢው እንዲሰማ በአማርኛ መለስኩለት።

«ነገ ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚመልሱት አንተን አይደለም። የልጅ ልጄን ነው።»

መዝጋቢውንም፣ እውነተኛው መንገድ የቱ ነው አልኩት። ሰዓቱን እያየ፣ ፍርድ ቤት በወላጅ አባቷና በአያቷ ስም የተጠራችው አንዲት ሴት መሆኗን ማረጋገጥ ይችላል፣ ግን ትምህርት ቤት የመዘገባት ሰው መመስከር አለበት አለ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ራሱ በጦርነቱ ጠፍቷል። ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ወንድሜ ባጃጅ ውስጥ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ።

ከሁሉም ይልቅ ግን የናቅሁት ራሴን ነው። ልጄ ትምህርት ቤት በተመዘገበችበት ቀን እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የመዘገባት አስተማሪ እናቷ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አዎ ብዬዋለሁ። የጻፈውንም አንብቤዋለሁ። አባቴን ፈርቼ ዝም አልኩ።

አስተማሪው ያኔ ጋዝጊብላ አንደኛ ክፍል ያስተምር የነበረ፣ ከጎጃም የመጣ፣ በግራ እጁ የሚጽፍ ቀጭን ሰው ነው። ከዚያ ተዛወረ ሲባል ሰምቻለሁ። የት እንዳለ፣ በሕይወት መኖሩንም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።