«አረፉ» የተባሉ ዕለት

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ የወሎ መካነ ሰላሞች ቅሬ እንላለን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ በዚህ ስንኮራ አይጣል ነው። እኔም እኮራ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሰው ቅሬያችንን ሲያወድስ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የቅሬው ጠሪ የነበሩት አዛውንት ቤታቸው ከኔ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር፣ ዝናብም ይሁን ውርጭ፣ በየበሩ እየዞሩ «ቅሬ ውጡ!» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። የአባቴንም ሞት ድምፃቸው እስኪዘጋ ለሰፈሩ ያዳረሱት እሳቸው ናቸው። ሚያዝያ ላይ ከገበያ ሲመለሱ የበልጉ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ደሴ ሄደው ታክመው መጡ። ሐኪሙ አጥብቆ የነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ግራና ቀኝ ተይዘው ካልቆሙ እግራቸው ደርቆ ይቀራል። አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው ደግሞ ራሳቸው ምርኩዝ የያዙ ናቸው።

እህትዬዋ መጀመሪያ የመጡት እኔ ዘንድ ነው።

«ልጄ፣ ከሥራ ስትመለስ ብቅ ብለህ ብታቆምልኝ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው» አሉኝ።

«ምን ችግር አለ እማማ፣ አብሽሩ፣ ሰሞኑን ብቅ እላለሁ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ። እኔም ክርስቲያኑ «ኢንሻአላህ» አልኩ። የእሳቸው እምነት ነበር፤ የኔ ማምለጫ ነበር።

«ሰሞኑን» የሚባለውን ቃል አሁን እጠላዋለሁ። ያለፈውንም የሚመጣውንም ሳምንት ጠቅልሎ ይዞ አንዱንም ቀን የማይነካ ቃል ነው። ሚያዝያን በሰሞኑን አሳለፍኩ። ግንቦትን፣ ሰኔን፣ ሐምሌንም። በደጃቸው አላለፍኩም ብል ውሸት ነው፤ አንገቴን ወደ ማዶ አዙሬ በየቀኑ አልፌያለሁ። ጎረቤቱም እንደኔው ነበር። «ሰውዬውን ጠየቅሃቸው?» «ሰሞኑን እሄዳለሁ» ተባብለን እንለያያለን።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ጠዋት አዲሱ ጠሪ በሬን ደበደበ። «ቅሬ ውጡ! አረፉ!» አለና የእሳቸውን ስም ጠራ።

ፊቴን ሳልታጠብ ጋቢዬን ደርቤ ሮጥኩ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ድንኳኑ መጥቷል፣ አግዳሚ ወንበሩ መጥቷል፣ ቃሬዛው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ገሚሱ ወንድ አካፋና ዶማ ይዞ መቃብር ሊቆፍር ነው። ሴቶቹ ዋይታ ሲጀምሩ እህትዬዋ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረው ንጋት ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጠሪው በአጥሩ ሲያልፍ «አባባ እንዴት አደሩ?» ቢላቸው፣ እህትዬዋ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገና አረፉ» አሉት። እሱ ሁለተኛ ሳይጠይቅ ሮጠ። በእሱ አልፈርድም። አራት ወር ሙሉ እንደ ሞተ ሰው የቆጠርናቸው እኛ ነን።

ገብተን አየናቸው። በጫጫታው ነቅተው መደቡ ላይ ቀና ብለዋል፤ አንድ ባንድ ያዩናል። ሰዉ ሳቀ። «ዕድሜ ይስጥዎ አባባ!» እየተባለ ወዲያው ወደ በሩ መጋፋት ሆነ። «በሉ ሰሞኑን ብቅ እንላለን» ያለም አልጠፋ።

ያን ጊዜ ገነፈልኩ። በሩን ዘግቼ ቆምኩ።

«ሬሳቸውን ልትሸከሙ ተሽቀዳድማችሁ መጣችሁ! እሳቸውን ደግፎ የሚያቆም ሁለት ሰው ይጥፋ?»

«አንተስ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። በሩን ለቀቅኩላቸው፤ ወጡ።

ሁለት ሰዎች ግን አካፋቸውን ግድግዳው ሥር አቁመው ቀሩ። ሦስት ሆነን አነሳናቸው። እንደ ገብስ ገለባ ቀለዋል። ቀኝ እግራቸው መሬት ነካ። ግራው ጉልበቱ ላይ እንደታጠፈ ቀረ፤ ቀስ አድርገን ብንስበው አልዘረጋ አለ። እሳቸው ጥርሳቸውን ነከሱ። በአንድ እግራቸው እያነከሱ እስከ ደጁ አደረስናቸው።

«ነገም እመጣለሁ አባባ» አልኳቸው። ሰሞኑን አላልኩም።

አላመኑኝም። ደጅ ላይ የሚጠቀለለውን ድንኳን አዩና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ለጠሪው ንገርልኝ። ነገም አረፉ ይበል።»