ሲንግል ጋቢና ያዘዝን ጊዜ

በደርግ ዘመን መንዝ ውስጥ በግ አክም ነበር። ገበሬዎቹ «ዶክተር» ይሉኛል፤ ዶክተር አይደለሁም፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ እያልኩ ስንት ጊዜ አስረድቼ ሲሰለቸኝ ተውኩት። የምኖረው ካራቫን ውስጥ ነበር፤ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ቤት። ከአብዮቱ በፊት የመንዝን በግ ሊያጠኑ የመጡ ፈረንጆች ሲሄዱ ጥለውት ሄዱና መሥሪያ ቤታችን ወረሰው። ሁለት ክፍል አለው፤ በመካከላቸው የሚዘጋ በር። አልጋ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃም ነበረው። ሲያዩት ያስቀናል፤ ሲኖሩበት ግን ያው ቆርቆሮ ነው፣ የመንዝ ብርድ ደግሞ ቆርቆሮ አይመልሰውም።

ሥራው ቀላል ነበር። ካራቫኑ አንዱ ገበሬ ማኅበር ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሰዉ በጉን እየነዳ ይመጣል፤ እኔ እከትባለሁ፣ የትል መድኃኒት አጠጣለሁ። የአካባቢው በግ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ሜዳ እንዛወራለን። ችግሩ የሚጎትተን ማጣት ነበር። ድሮ ጥሩ መኪና ነበረችን፣ መቀመጫዋ ብዙ። አንድ ቀን የአውራጃው ሹማምንት «ለአንድ ስብሰባ ብቻ» ብለው ተዋሷት፤ ስብሰባው አላለቀም መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላ ካራቫኑን የሚያንቀሳቅሰው የተውሶ ትራክተር ሆነ፤ ትራክተሩም የሚመጣው የራሱን ሥራ ሲጨርስ ነው። ስለዚህ በጎቹን ጨርሼ፣ የሚመጣ ሰው ሳይኖር፣ ባዶ ሜዳ ላይ ለሳምንታት ተቀምጬ አውቃለሁ።

ብቸኛ ነበርኩ። ይህን ማሳመር አልፈልግም። ሰዉ ደግ ነው፣ ጠላም ቆሎም ይዞ ይመጣል፤ ግን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሁሉም በጎቹን እየነዳ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሜዳው ላይ ነፋሱና እኔ እንቀራለን። የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ሬዲዮው ስለ ምርት ዘመቻ ያወራል፤ እኔም አንዳንዴ እመልስለት ነበር። ሰው ቢሰማኝ ኖሮ ጠበል ይወስደኝ ነበር።

ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ነበረች፣ ከእናቷ ጋር። አማቴ ጉልበታቸውን የታመሙ፣ ደረታቸውም ብርድ የማይወድ ሴት ነበሩ፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ትታቸው ልትመጣ አትችልም፤ እኔም ተያቸውና ነይ የምል ሰው አይደለሁም። አንድ ጊዜ ካራቫኑ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ቆሞ ሳለ ሁለቱም በአውቶብስ መጥተው አይተውት ነበር። አማቴ ውስጡን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ እኔን ስለ መኝታ በቀጥታ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይኸ በር ይዘጋል?» አሏት።

«ይዘጋል፣ እማዬ።»

«እንግዲያማ ቤት ነው» አሉ። በሩን ራሳቸው ዘግተው ከፈቱት። የሚቀጥለው ጉዟችን ግን አውቶብስ ወደማይደርስበት ሜዳ ነበር፤ በትራክተር ላይ ደግሞ የምትቀመጥ አማት የለችም። ካራቫኑ ውስጥ ሆኖ መጎተትም አይሆንም፤ አንዴ ሞክሬው ሰሃኑ ሁሉ ተሰብሮ እኔም ግንባሬን ተፈንክቼ ወጥቻለሁ።

ስለዚህ አዲስ መኪና ተፈቅዶላችኋል የሚል ወሬ ከመሥሪያ ቤት ሲመጣ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ካራቫኑን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ከድሮው ሾፌራችሁ ጋር ሆናችሁ አዲስ አበባ ሂዱና የሚጎትተውን መርጣችሁ እዘዙ ተባልን። መንገዳችን በደብረ ብርሃን ነውና ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ወዲያው በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«ሾፌሩ፣ አንተ፣ እኔ፣ እማዬ። አራት ሰው የሚይዝ አድርገው። ከዚያ ቤቱ የሄደበት እንሄዳለን።»

«አራት ይሆናል» አልኳት። ምን ከባድ ነገር አለው ብዬ።

ሾፌሩ ከእኔ በዕድሜ በብዙ የሚበልጡ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ የመኪና መሸጫው ግቢ ስንደርስ ሻጩን ሰላም ሳይሉ ኮታቸውን አውልቀው አንዱ ፒካፕ ሥር ተኙ። ጭነት የሚሸከመውን ባሌስትራ በእጃቸው እየዳበሱ ይቆያሉ፣ ይወጣሉ፣ ሌላው ሥር ይገባሉ። እኔ ከሻጩ ጋር ሥዕል ያለበት መጽሔት እያገላበጥኩ አዋቂ ለመምሰል እሞክራለሁ። ሻጩ ቤንዚን ይሻላችኋል አለ፤ ደጋ ስለሆናችሁ ጠዋት ቶሎ ይነሳል።

«ቤንዚን ዳገት ላይ ያለቅሳል» አሉ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር። «ናፍጣ ይሁን። ጠዋት እምቢ እንዳይል ቁልቁለት ላይ አሳድሬ እያንደረደርኩ አስነሳዋለሁ።»

ናፍጣ ሆነ። ባለ አራት ጎማ ጉልበት ሆነ። የኋላው መጎተቻ መንጠቆ ወፍራሙ ሆነ። በዚህ ሁሉ ተስማማን፤ እኔም በሐሳቤ አማቴን የኋላ መቀመጫ ላይ አስቀምጬ፣ ትራስ ደግፌላቸው፣ ብርዳሙን የጓሳ ደጋ አቋርጠን እየሄድን ነበር። ከዚያ ሻጩ «ሲንግል ጋቢና ነው ደብል?» ብሎ ጠየቀ።

«ደብል» አልኩ እኔ።

ሾፌሩ ኮታቸውን አራግፈው ለበሱ። እጄን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

«ስማ፤ ደብል ጋቢና ካዘዝክ ካራቫኑን የሚጎትተው እስከ መጀመሪያው ስብሰባ ድረስ ነው። የኋላ ወንበር ያለው መኪና ሹም ያምረዋል። ሲንግል ጋቢና የጭነት ነው፣ ማንም ዞሮ አያየውም። ያችኛዋን እንዴት እንዳጣናት አታውቅም?»

«ባለቤቴና እናቷስ?»

«እነሱን መኪናው ሲኖርህ ነው የምታሳፍራቸው።»

ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለቱን መኪኖች አየኋቸው፤ ደብሉ በእርግጥም ያምር ነበር፣ አራት በሩ ያብረቀርቃል፣ ሹም የሚወደው ዓይነት። ያኔ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ሲንግሉ ከፊት ሦስት ሰው ይይዛል፤ ሾፌሩ፣ አማቴና ባለቤቴ። እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ እሆናለሁ። ጤነኛ ነኝ፣ ባና አለኝ፣ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ የማያውቅ የመንዝ ሰውስ ማን ነው? ተመልሼ ለሻጩ «ሲንግል» አልኩት። ስመለስ ደብረ ብርሃን ላይ ለባለቤቴ ይህንኑ ነገርኳት።

«እናቴን አታውቃትም» አለች።

መኪናው ወዲያው አልመጣም። ክረምቱ አልፎ ገብስ ታጨደ፣ ተወቃ። እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ካራቫኑ ውስጥ የማልተኛበትን ክፍል ሳሰናዳ ነበር። በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚገባውን ነፋስ በጨርቅ ደፈንኩ፣ ሣር የሞላው ፍራሽ አሰፋሁ፣ ለአማቴ ጉልበት የሚሆን አጭር መውጫ ደረጃ ከእንጨት ሠራሁ። መዶሻው ሁለት ጊዜ ጣቴን አገኘው። ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት፤ የምጠብቀው ሰው ስለነበረኝ።

መኪናው መጣ። ነጭ ነው፣ ሁለት በር፣ ከኋላ ክፍት። ካራቫኑን አስረን ስንሞክረው ጥጃ እንደሚስብ ሰው ያለ ድካም ሳበው። ሾፌሩ ሲስቁ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ካራቫኑን መሐል ሜዳ ትተን ደብረ ብርሃን ወረድን።

ዕቃው ተጭኖ አለቀ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ እናቷን ትጠብቃለች። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ ኋላ ላይ በፍራሹና በመድኃኒት ሣጥኑ መካከል ተመቻችቼ ተቀምጫለሁ። ቀና ብለው አዩኝ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከተጋባን ጀምሮ አንቱ እንጂ አንተ ብለውኝ አያውቁም፤ ፊቴ እህል አይቀምሱም ነበር።

«አንቱ እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ ይመቸኛል እማማ፣ እርስዎ ይግቡ።»

«በስመ አብ! አማቼን ከጭነት ጋር ጭኜ እኔ ጋቢና እገባለሁ? ሰው ምን ይለኛል? ይውረዱ!»

ወረድኩ። እንግዲህ እኔ ጋቢና ልግባና ባለቤቴ ከኋላ ትሁን ተባለ፤ እሷም ልትወጣ የመኪናውን ጎን ስትይዝ አማቴ ጮኹ፤ አንደኛ፣ ልጃቸው ብርድ ላይ ልትወድቅ፤ ሁለተኛ፣ እሳቸው ከአማቻቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሊቀመጡ! ይህማ የማይታሰብ ነው። አራታችንም እንጠጋጋ አልኩ፤ ሾፌሩ «ካምቢዮውን በማን ጉልበት ላይ ልለውጥ?» አሉ። ሁለት ጊዜ እንመላለስ አልኩ፤ ናፍጣው በኩፖን ተለክቶ የሚሰጥ ነው፣ ካራቫኑን ለማዛወር እንኳ አይበቃንም። በመጨረሻ አማቴ ራሳቸው ምርኩዛቸውን ከኋላ ወርውረው «እኔ እዚያ እሆናለሁ» አሉ። ያን ደረት ይዘው፣ በዚያ ብርድ! ይህን ደግሞ እኛ ሁላችንም እምቢ አልን።

እንዲህ ስንለማመን ረፈደ። አንዳችን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገርንም። ትንሽ ባለጌ ብንሆን ኖሮ ያን ቀን አብረን እንሄድ ነበር። አማቴ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ባለቤቴ ዕቃውን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረች፤ እኔም አገዝኳት። ስንመለስ በሾፌሩና በእኔ መካከል ያለው ቦታ ባዶውን ነበር። ጓሳ ስንደርስ ሾፌሩ «ብርዱ ጨመረ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ሾፌሩ ልክ ነበሩ። መኪናው አልተወሰደብንም። አንድ ሹም ከአውራጃ መጥቶ ዞሮ አይቶታል፤ በሩን ከፍቶ ወንበሩን በእጁ ነካ ነካ አደረገና «ይህችው ናት?» ብሎ ዘጋው። በዚያ መኪና ዘመሮ ድረስ ሄደናል፤ የጀማን ወንዝ ገደል ወርደን ወጥተን ዓለም ከተማ ገብተናል፤ ስንቱ መንደር የክትባት መርፌ ያየው በእሱ ነው። የመሐሉ መቀመጫ የክትባት ሣጥኑ ቦታ ሆነ። በረዶ ያለበት ሰማያዊ ሣጥን ነው፤ እንዳይንገላታ በሁለታችን መካከል አስቀምጠን ዓመታት ይዘነው ዞርን። አማቴ ይተኙበታል ብዬ ባሰናዳሁት ክፍል ውስጥ ጨውና መድኃኒት አስቀመጥኩበት። ደረጃውን ግን ከበሩ ሥር አላነሳሁትም።

ደብረ ብርሃን በሄድን ቁጥር አማቴ እያነከሱ እስከ በር ይወጣሉ። ለእኔና ለሾፌሩ የገብስ ጭኮ በቅል ይልካሉ። መኪናውን ከራሱ እስከ ጭራው ያዩትና ለልጃቸው «ዛሬም አላደገችም?» ይላሉ። እንስቃለን። ባለቤቴ ግን ሁልጊዜ አትስቅም ነበር፤ እኔም ሲሸኙኝ የምስቀው እስከ መታጠፊያው ድረስ ነበር።

አማቴ ያረፉት በአንድ የጾም ወቅት ነው። ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ ባለቤቴን ልወስዳት ሄድን። ለመለመን የቀረ ነገር አልነበረም፤ ማንም ማንንም ይግቡ አላለም። ጥቁር ለብሳ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣና የእናቷን ምርኩዝ ይዛ ወጣች። ሾፌሩ የክትባት ሣጥኑን ከመሐሉ መቀመጫ አንስተው ከኋላ አሰሩት፤ መቀመጫውን በእጅጌያቸው ጠረጉት።

ገብታ ተቀመጠች። እኔም ከጎኗ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ምርኩዙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ሾፌሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ የምንነካካበትን ትከሻዋን አየች።

«አሁን ልክ ሆንን» አለች።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሱ።