ከበር የታወቀ በሽታ

«ዝጊው! ግሉኮሱን ዝጊው!»

የላቦራቶሪ ባለሙያው ሆሴዕ የስኳር መለኪያውን በእጁ ይዞ ጮኸ። በዚህች ትንሽ የግል ክሊኒክ ስምንት ዓመት ሲሠራ ጮኾ አያውቅም። መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ የደም ስኳር ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሚያሳየውን ምልክት ብቻ አሳየ። አልጋው ላይ ራሱን ስቶ የተኛው ኤሊያስ ነው። ግሉኮሱን የሰካችለት ሚስቱ፣ ሲስተር ገነቴ ናት።

ገነቴ አልተንቀሳቀሰችም። ሆሴዕ ራሱ ዘጋው።

ሺንሺቾ ከተማ ውስጥ ገነቴን የማያውቅ ጥቂት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሕመምተኛ ተቀብላለች። ሰው ገና በር ላይ ሲደርስ በሽታውን ትናገራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናት። «ሲስተር ካየችሽ ምርመራው ትርፍ ነው» ይላሉ ወረፋ የያዙት ሴቶች። እሷም ትስቃለች።

ኤሊያስ ስድስት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ቆይቶ መስከረም ላይ ሲመለስ ሱሪው የቆመው በቀበቶ ነበር። ከዚያ አገር ከስቶ የመጣ ወንድ ለገነቴ አንድ በሽታ ብቻ ነበረው። በሳምንቱ ኤችአይቪ አስመረመረችው። ነፃ ነው ተባለ። «ገና አልታየም» ብላ አልጋ ለየች።

ኤሊያስ ባለ ሁለት ሊትሩን ሃይላንድ ጨርሶ ሌላ ይከፍታል። ሽንት ቤት ይመላለሳል።

«ይጠማኛል» አላት።

«እዚያ ስታጠጣህ የኖረችው ትምጣና ታጠጣህ!»

«እዚያ የምሸጠውን ብርድ ልብስ ተሸክሜ ስዞር ማን ዞር ብሎ ያየኛል፣ ገኒ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛው ውጤትም ነፃ ሆነ። ሆሴዕ ወረቀቱን እየሰጣት፣ «ሲስተር፣ ስኳሩንም ልየው? አንድ ጠብታ ደም ነው» አላት።

«ባሌን አውቀዋለሁ። ኤችአይቪው መጋቢት ላይ ይደገማል።»

ጥር ሃያ ቀን ጠዋት ኤሊያስን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቡት። አፉ ደርቋል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ገነቴ በር ላይ አየችው። «አቅም አጥቷል» ብላ ግሉኮስ ሰካችለት። ግማሹ ሲወርድ ሲጠሩት መመለስ አቆመ። ሆሴዕ ሳያስፈቅድ ጣቱን የወጋው ያኔ ነው። መለኪያውን ያወጣው ከገነቴ ጠረጴዛ መሳቢያ ነበር።

ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል በሚወስዳቸው አምቡላንስ ውስጥ ገነቴ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ጠየቀች።

«ቁጥሩ ስንት ነበር?»

«ቁጥር አላወጣም፣ ሲስተር።»

«እሺ፣ ግን ስንት ነበር?»

ኤሊያስ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገነቴ አሁን የምትሠራው ካርድ ክፍል ነው።