ላይ ስንዝር፣ ታች መቶ ክንድ

ገዱ ሠላሳ አንድ ዓመት የሊማሊሞን መንገድ ከድንጋይ ሲጠብቅ ኖረ። ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር በዚያ ጠመዝማዛ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ከላይ የተንጠለጠለ ቋጥኝ ነው። የገዱ ሥራ ሊወድቅ የቃጣውን ቋጥኝ መኪና ሳያገኘው ቀድሞ ማግኘት ነበር። ካገኘው በኋላ ግን አይታገለውም። ከቋጥኝ ጋር የታገሉትን ያውቃቸዋል፤ ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። እሱ መጀመሪያ ቁጭ ይላል። ቋጥኙን ዙሪያውን እንደሚገዛው በሬ አይቶ ሲጨርስ፣ ቡጢ የምታህል ጠጠር መርጦ ከፊቱ በአንድ ጎን ይሸጉጣል። ከዚያ በዲጂኖው ጫፍ ነካ ሲያደርገው፣ ቋጥኙ ጠጠሯን ረግጦ ዘወር ይልና በጎርፉ መውረጃ በኩል ገደል ይገባል።

ለአዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነበር። «ላይ ስንዝር፣ ታች መቶ ክንድ» ይላል። ሌላ ትምህርት አልነበረውም።

ጡረታ ሲወጣ ድንጋዩ ከእጁ ወጣ እንጂ ከዐይኑ አልወጣም። ለቅሶ ቤት ሄዶ በግንብ ሥር የተቀመጡትን ለቀስተኞች አስነሥቶ ወደ መሐል አሳልፏቸዋል። እንግዳ ሲመጣም ከቁም ሣጥኑ ሥር አያስቀምጥም። ሚስቱ ታንጉት ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል፣ የእኔው ግን የደባርቅን ኮረብታ ሁሉ ተረከበ እያለች ለጎረቤት ታማዋለች።

የመጨረሻ ልጃቸው ሐመልማል ዳባት የሳይንስ መምህርት ናት። ያን ዓመት ለሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ ለአንዱዓለም ታጨችና ሠርጉ ሑዳዴ ከመግባቱ በፊት ለመጨረሻው ቅዳሜ ተቆረጠ። ጌሾው ተወቀጠ፤ በሬውም ተመረጠ። ጥር ሊያልቅ ሲል ሬዲዮኑ ስለ ሰማዩ ድንጋይ ተናገረ።

አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ድንጋይ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2025 ታኅሣሥ፣ ምድርን ሊመታ ይችላል አለ። ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው፤ ሊወድቅባቸው ይችላል ከተባሉት አገሮችም አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ደባርቅ ገበያ ላይ ወሬው ግማሽ ቀን ኖረና በበርበሬ ወሬ ተሸነፈ። ዳባት ላይ ግን ሃብተ ጊዮርጊስ ሰማው።

ሃብተ ጊዮርጊስ ክፉ ሰው አይደለም። ጥንቁቅ ነው። በበጋ ጃንጥላ ይይዛል፤ በቅሎውን በሁለት ገመድ ያስራል፤ ሱሪውን በቀበቶ ካጠበቀ በኋላ በመቀነት ይደግመዋል። ከመቶ አንድ ሲባል ታገሠ። በየካቲት መጀመሪያ ሬዲዮኑ ከመቶ ሁለት ሲል ግን መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴን ወደ ገዱ ቤት ላካቸው። መሪጌታ እያፈሩ መልእክቱን ተናገሩ። ልጅቱን ጠልቶ አይደለም፤ ግን ነገሩ እስኪለይ ሠርጉ ይቆይ ብሏል አሉ።

የቆየ ሠርግ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ፋሲካን ጠብቁ ይባላል፤ ከፋሲካ በኋላ ክረምት ይመጣል፤ ከክረምቱ በኋላ የሰው አፍ ይመጣል። ሐመልማል ቁጭ ብላ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ዋለች፤ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጠች። ገዱ ልጁ ለነጥብ ምን ያህል ንፉግ እንደሆነች ያውቃልና ያኔ ፈራ።

አጠገቧ ተቀመጠና የሰማይ ድንጋይ ጠጠር አይሸጎጥለትም ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነገረችው። በ2015 መስከረም ሰዎች ከእኛ እጅግ ርቆ የሚገኝ፣ በአንድ ትልቅ ድንጋይ ዙሪያ የሚዞር ድንጋይ መርጠው፣ ፍሪጅ የሚያህል መሣሪያ ልከው ሆን ብለው አጋጭተውት ነበር። ለሙከራ ነው እንጂ ያኛው ድንጋይ ማንንም አያሰጋም። መሣሪያው ከደባርቅ ጎንደር በዐሥራ ስድስት ሰከንድ የሚያደርስ ፍጥነት ነበረው። ገዱ በዚህ አልተደነቀም፤ የሚኒባስ ሾፌሮችን ያውቃል።

«ታዲያ ምን ያህል ነቀነቀው?»

«ዙሩን የሚጨርሰው በዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ አሳጠረው።»

ገዱ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀ። «የእኛው ሥራ ነው እንዴ! ለዚህኛውስ ስምንት ዓመት አላቸው አይደል? እኔ ስምንት ደቂቃ እንኳ ተሰጥቶኝ አያውቅም።»

ሰኞ ዲጂኖውን ይዞ ዳባት ወረደ። የሃብተ ጊዮርጊስ ቤት ከዳገት ግርጌ ነው። ገዱ በአፍ ከማስረዳት በዐይን ማሳየት ይሻላል ብሎ መሪጌታንና ጎረቤቱን ሰበሰበ፤ ሃብተ ጊዮርጊስን ሁለት ጊዜ ከተቀመጠበት አስነሥቶ ደህና ቦታ አስቀመጠው። ከዳገቱ ላይ አንድ ድንጋይ ለቀቀ፤ ድንጋዩ ተንከባልሎ ሜዳው መሐል ቆመ። እዚያው ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ጋን አስቀመጠና ይህች ምድር ናት አለ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ የመጀመሪያውን የሚያህል ሌላ ድንጋይ እዚያው አስተካከለ፤ ከፊቱ በስተግራ ጠጠር ሸጎጠ፤ በዲጂኖው ጫፍ ነካ አደረገው።

ድንጋዩ ጠጠሯን ረገጠ። ስንዝር ያህል ዘወር አለ። ከዚያ እየራቀ፣ እየራቀ ወርዶ ጋኑን በሩቅ አለፈው። ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ድንጋዩ ግን አልቆመም ነበር።

ሃብተ ጊዮርጊስ ለሠርጉ እንግዶች ብሎ አዲስ ሽንት ቤት ሠርቶ ነበር። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ በሩን በገዛ እጁ አረንጓዴ ቀብቶታል። እስከ ሠርጉ ቀን እንዳይቆሽሽ ብሎ ማንንም አላስገባበትም። የመጀመሪያው እንግዳ ድንጋዩ ሆነ።

ቆርቆሮው ጮኾ አበቃ። ገዱ ከላይ ዲጂኖውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። በሊማሊሞ ሌላው ወገን ሁልጊዜ ገደል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ድንጋዩ ከዞረ በኋላ ወዴት ይሄዳል ብሎ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

«ጋኑን አዳኑት» አለ ሃብተ ጊዮርጊስ። «ወደ እኔ መለሱት።» ገብቶ በሩን ዘጋ።

በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ የተበደለው ይቅር ሲል ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ታንጉት ማክሰኞ ጠዋት ደህና ድንጋይ ምረጥ ብላ ላከችው። ገዱ ግን ዳገቱን ወጥቶ ሲፈልግ ቆየና ጠጠሯን አገኛት። እሷኑ በጫንቃው ላይ አድርጎ ደጅ ቆመ። ሐመልማል ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጥታ ከኋላው ቆመች።

መሪጌታ አይተው ተቆጡ። «ይህ ምን ይቅርታ ነው? ዶሮ የማያስደነግጥ!»

«ጥፋተኛዋ ይህች ጠጠር ናት፣ መሪጌታ። ትልቁማ ወደ ጋኑ ይሄድ ነበር።»

ሃብተ ጊዮርጊስ ወጣ። ደንቡ ነውና ድንጋዩን ለማውረድ እጁን ዘረጋ፤ ጠጠሯ ግን በገዱ ጋቢ እጥፋት ገብታ ስለነበር ጥቂት ዳበሰ። አግኝቶ በመዳፉ መዘናት።

«ይህች ናት?»

«እሷ ናት።»

«ያን ያህሉን ድንጋይ ያዞረችው?»

«ላይ ስለነካችው ነው። ታች ቢሆን ዱቄት ትሆን ነበር።»

ሃብተ ጊዮርጊስ ጠጠሯን አየ፤ ከዚያ የተጨፈለቀውን ቆርቆሮ አየ፤ እንደገና ጠጠሯን አየ። «እነዚያ የሰማዩን ድንጋይ የሚነኩት ሰዎችስ፣ ከዞረ በኋላ ማን ላይ እንደሚወድቅ ያያሉ?»

ገዱ መዋሸት ይችል ነበር። «ልጄ አስልተው ነው የሚነኩት ትላለች። እኔ ያላሰላሁት ገደል ስለለመድኩ ነው።»

ያን ጠዋት ሬዲዮኑ ከመቶ ሦስት ብሎ ነበር፤ ሃብተ ጊዮርጊስም ሰምቶታል። ሐመልማልን አየት አደረገና ጠጠሯን ኪሱ ከተተ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ሽንት ቤቱ ግን እስከ ዓርብ።»

ገዱ አራት የሊማሊሞ ጓደኞቹን ጠርቶ መጣ። ቦታ ለመምረጥ ብቻ ዳገቱን ሲያይ ግማሽ ቀን ፈጀ። የሊማሊሞ ሰው ቁፋሮ ከጀመረ ማቆሚያውን አያውቅምና፣ ዳባት ውስጥ እንደዚያ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ የለም ይባላል። ቅዳሜ ሠርጉ ተደገሰ፤ እንግዶቹ ከሙሽሮቹ ይልቅ ሽንት ቤቱን ሊያዩ የመጡ እስኪመስል ሰልፍ ተያዘ።

ሑዳዴ በገባ ሰሞን ሬዲዮኑ ሳይንቲስቶቹ የሰማዩን ድንጋይ መንገድ ደህና አድርገው ለክተው ምድርን እንደሚስታት አረጋገጡ አለ። ማንም አልነካውም፤ ድሮውንም መንገዱ በዚያ በኩል ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ ግን ለገዱ ደወለ።

«ወዴት ነው የሚሄደው ታዲያ?»

«ጨረቃን ይመታ ይሆናል የሚሉ አሉ።»

 «እዚያ ቤት የሠራ ሰው አለ?»

«እስካሁን የለም።»

«እንግዲያውስ ይሂድ።»

ጠጠሯ ዛሬም በሃብተ ጊዮርጊስ መስኮት ላይ አለች፤ እንዳትወድቅ በሁለት ሚስማር መሐል ተቀምጣለች። ሐመልማል ወደ ማስተማሪያ ክፍሏ ተመልሳ አዲስ ፈተና ሰጠች፤ ግማሹን ተማሪ ጣለች። ወላጆች ሊከሷት ደባርቅ ድረስ መጡ። ገዱ እየደጋገመ ስንት ወደቁ እያለ ጠየቃቸው፤ ቁጥሩን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይበራ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ከቁም ሣጥኑ ራቅ አድርጎ አስቀመጣቸውና ጠላ ይቀዳላቸው አለ።